«ማፍረስና ማስወገድ፣ በጥቅል፣ 1»፦ በአዲስ አበባ ፈቃድ ለምትሰጡና ሥራ ለምትረከቡ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የሕንፃ መቁረጥ፣ ማፍረስና የአሮጌ ቤቶች እድሳት የሚታዘዝበትን መንገድ ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን የምንጽፍላችሁ በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ያሉ ሕንፃዎችን የምንቆርጥ፣ የምናፈርስና የምናድስ ሠራተኞች ነን። ግንበኛም፣ አናጢም፣ የአርማታ ብረት (ፌሮ) የሚያስር ፌራዮም፣ ፎርማንም፣ የሳይት መሐንዲስም አለብን። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሥራችን ባዶ ቦታ ላይ ከመገንባት ይልቅ የቆመን ሕንፃ ወደ መነካካት አዘንብሏል። ቀነ ገደቡም በሳምንታት፣ አንዳንዴም በቀናት የሚቆጠር ሆኗል። መንገዱ መስፋት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን እዚህ አናነሳም፤ ሌሎች ይከራከሩበት። እኛ የምናነሳው የቆመ ሕንፃ ላይ የሚሠራው ሥራ እንዴት እንደሚታዘዝ፣ እንዴት እንደሚከፈልና እንዴት ርክክብ እንደሚደረግበት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሥራ ዝርዝሩ ነው። አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ቁፋሮው በሜትር ኩብ፣ ፌሮው በኪሎ፣ ፎርምወርኩ (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ) በካሬ ሜትር ተለይቶ ይጻፋል። የቆመ ሕንፃ ሲቆረጥ ግን ሁሉም ነገር አንድ መስመር ውስጥ ይታጨቃል፦ «ማፍረስና ማስወገድ፣ በጥቅል፣ 1»። ፑንቴሎ (ጊዜያዊ የድጋፍ ምሰሶ) አልተጻፈበትም። የመቁረጫ ዲስክ አልተጻፈበትም። የተቆረጠውን ጫፍ መልሶ ማሰሪያ፣ የጎረቤትን ግድግዳ መሸፈኛም የለም። በዝርዝር ያልተጻፈ አይከፈልም፣ ያልተከፈለ አይሠራም፤ ሳይት የዋለ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከዚህ በታች የምናቀርባቸው አብዛኞቹ ቅሬታዎች ከዚያች መስመር የሚወጡ ናቸው።

አንደኛ፦ የአርማታ ሕንፃ ፊት አቆራረጥ

ሕንፃው የሚቆረጥበት ወሰን የሚሰመረው መንገዱን አይቶ ነው፤ የሕንፃውን አጥንት አይቶ የሚያሰምር የለም። ስለዚህ መስመሩ አንዳንዴ ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ላይ፣ አንዳንዴ ስፓን (በሁለት ኮለን መካከል ያለው ርቀት) መሃል ላይ ያርፋል። ጉዳቱ ለየቅል ነው።

በሦስት ኮለን ላይ የሚሄድ፣ ሁለት እኩል ስፓን ያለው ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) እንውሰድ። የፊተኛው ስፓን ተቆርጦ ሲወድቅ የኋለኛው ብቻውን ይቀራል። ኮለኑ የሚይዝለትን ካልቆጠርን፣ በቀረው ስፓን መሃል ላይ የሚመጣው የመጉበጥ ጫና ከቀድሞው ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋል። ታች ያለው ፌሮ ግን ያው የድሮው ነው። ስንጥቁ የሚወጣውም ሁሉም ሰው በሚያየው በተቆረጠው ፊት በኩል አይደለም፤ ከውስጥ፣ በቢሙ ሆድ ላይ ነው። ባለቤቱ በልስን ደፍኖ ቀለም ይቀባዋል፤ ነገሩ እዚያው ይረሳል።

መስመሩ ስፓን መሃል ላይ ካረፈና የፊተኛው ኮለን ከሄደ ደግሞ የቀረው የቢም ቁራጭ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የተንጠለጠለ ቢም ፌሮ የሚፈልገው ከላይ ነው፤ የስፓን መሃል ፌሮ ያለው ደግሞ ከታች ነው። በአንድ ባለ 2 ፎቅ የንግድ ሕንፃ ላይ እንዲህ ያለ 1.4 ሜትር ቁራጭ ቀርቶ፣ ጫፉ በልስን ተስተካክሎ፣ ላዩ ላይ አዲስ የብሎኬት ግድግዳ ተገንብቶበት ርክክብ ተደርጓል። ያ ግድግዳ በትክክል መምጣት በሌለበት ቦታ የመጣ ጭነት ነው።

ሦስተኛው ችግር የፌሮው መያዣ ነው። 16 ሚሊ ፌሮ ሙሉ ኃይሉን እንዲሰጥ እንደ ኮንክሪቱ ጥንካሬ የዲያሜትሩን ከ40 እስከ 50 እጥፍ፣ ማለትም ከ64 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ መያዣ ይፈልጋል። ኮለኑ ፊት ላይ በዲስክ ሲቀነጠስ ውስጥ የሚቀርለት የኮለኑ ውፍረት፣ 30 ወይም 40 ሳንቲ ብቻ ነው። ትክክለኛው አሠራር ኮንክሪቱን ሰብሮ ፌሮውን ማትረፍ ነው፤ 80 ሳንቲ ያህል እርቃኑን ይቀራል፣ ወደ ኮለኑ ይታጠፋል፣ በስታፋ (ዙሪያውን በሚያቅፍ ቀጭን ፌሮ) ይታሰራል፣ ፎርም ተመቶለት እንደገና ይሞላል። ይህ ለአንድ የቢም ጫፍ ሁለት ቀን ሥራና አንድ ሳምንት ውሃ ማጠጣት ይጠይቃል። በሦስት ቀን አስረክቡ በተባለ ሕንፃ ላይ ማን ይሠራዋል?

ሶሌታው (የፎቁ ወለል) በፕሪካስት፣ ማለትም ቀድሞ ተሞልቶ በመጣ፣ ቢምና በብሎኬት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ቢሞቹ በየት አቅጣጫ እንደተደረደሩ ነው። ከመንገዱ ጋር ትይዩ ከሆኑ የተወሰኑትን ማውጣት ይቻላል። ወደ መንገዱ የሚሄዱ ከሆነ ግን የተደገፉበት ዋና ቢም ሲነሳ ሁሉም በአንድ ጊዜ መደገፊያ ያጣሉ። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ኮርኒሱን 30 በ30 ሳንቲ መክፈትና ልስኑን ማንሳት ነው፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ። እሱም አይደረግም።

ቅደም ተከተሉን እንጻፈው፣ እንግዳ ነገር እንዳልጠየቅን እንዲታይ። ከመቆረጡ በፊት ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ባዶ ተደርጎ ይወርዳል፣ በሚቆረጠው ክፍል ያለው ብሎኬት ይነሳል፣ መብራትና ውሃ ከዋናው ይዘጋል። ፑንቴሎ በየፎቁ አንዱ በሌላው ትክክል እስከ መሬት ድረስ ይቆማል፣ ከስሩም ጣውላ ይደረግለታል። አንደኛ ፎቅ ላይ ብቻ ፑንቴሎ አቁሞ መቁረጥ ጭነቱን ወደ አንደኛ ፎቅ ሶሌታ ማዛወር ነው። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ መጀመሪያ በዲስክ መስመሩን መለየት፣ ቀጥሎ በእጅ መሰባበር፤ ኤክስካቫተር የሚጠጋው በሚወድቀውና በሚቀረው መካከል የሚታይ ክፍተት ከተፈጠረ በኋላ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው። ኤክስካቫተሩ መንገድ ላይ ቆሞ ያልተለየውን ክፍል በባልዲው ይጎትታል፣ ጉተታው በፌሮው በኩል ወደ ሚቀረው ክፍል ይሄዳል፣ በሁለተኛው ረድፍ ያሉት የብሎኬት ግድግዳዎችም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ይሰነጠቃሉ። የተከራይ ቅሬታ ሲመጣ «ድሮም የነበረ ስንጥቅ ነው» ይባላል። ቀድሞ የተነሳ ፎቶ ስለሌለ ማንም ሊያስረዳ አይችልም።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከፈንታሌ በኩል የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ብዙ ሰው በሌሊት ከፎቅ ወርዷል። ፊቱ የተቆረጠ ሕንፃ ደረጃውና የሊፍቱ ግድግዳ ከኋላ ወይም ከአንድ ጎን ይቀርና ጥንካሬው ወደዚያው ያደላል፤ ሲነቃነቅ ይጠማዘዛል። የተቆረጡት ሕንፃዎች ለመሬት መንቀጥቀጥ ተሰልተው አንድ በአንድ ታይተዋል ብለን ለመናገር የሚያስደፍር ወረቀት አልደረሰንም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጥን ሕንፃ በምድብ ሐ መድቦታል፤ ሲገነባ ዲዛይኑን የሚፈርም ባለሙያ አለው። ያው ሕንፃ ፊቱ ሲወሰድ የሚፈርም ሰው በሳይት ላይ ብዙ ጊዜ አናገኝም።

ሁለተኛ፦ የእግረኛ መንገዱ ከፍታ

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። በእኛ ግምት ግን ከመቁረጡ ይልቅ ብዙ አሮጌ ቤት የሚያጠፋው ይኸው ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ግን ማንም አይጠየቅበትም።

በፒያሳና በዙሪያው ያሉት የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ የጣውላ ወለል አላቸው። ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ መሠረት ላይ ባረፉ አግዳሚ እንጨቶች ላይ ነው የተነጠፈው። በድንጋዩ መሠረት ላይ፣ ከመንገድ በኩልም ከጓሮ በኩልም፣ የመጽሐፍ ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ታገኛላችሁ፤ አንዳንዶቹ የብረት ወንፊት አላቸው። ጌጥ አይደሉም። ከሰኔ እስከ መስከረም ከአፈሩ የሚነሳውን እርጥበት ነፋሱ በእነሱ በኩል ይዞት ይወጣል። መቶ ዓመት የኖረ የጥድ እንጨት እስካሁን ሚስማር የሚይዘው በእነሱ ነው።

አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሲነጠፍ ግን የድሮው ሳይነሳ በላዩ ገረጋንቲ፣ በላዩ አሸዋ፣ በላዩ ንጣፍ ይመጣል። ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ይጨምራል፤ ቀዳዳዎቹ ከመሬት በታች ይሆናሉ። ንጣፉና ግድግዳው የሚገናኙበት ደግሞ ውሃ እንዳይገባ ተብሎ በሲሚንቶ ይዘጋል። በመጀመሪያው ክረምት ቤት ውስጥ የሻጋታ ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ በመንገድ በኩል ያለው ወለል ሲረገጥ መርገብገብ ይጀምራል። ጣውላውን ስናነሳ የአግዳሚው ጫፍ፣ ግድግዳው ውስጥ የገባው 15 ወይም 20 ሳንቲ፣ በጣት ሲነካ የሚፈርስ ሆኖ ይገኛል፤ መሃሉ ግን ገና ደህና ነው። ያኔ «ቤቱ አርጅቷል» ተብሎ ይጻፋል፤ ያረጀ ተብሎ የተጻፈ ቤት ደግሞ ዕጣው የታወቀ ነው።

ተዳፋቱም እንዲሁ ነው። ንጣፍ ከግድግዳ ወደ መንገድ በሜትር 2 ሳንቲ መውረድ አለበት። በውሃ ልክ ስንለካ ድፍን ጠፍጣፋ፣ አልፎ አልፎም ወደ ቤቱ ያዘነበለ እናገኛለን። የጣሪያ አሸንዳ ቱቦ ንጣፉ ሲመጣ በመጋዝ ይቆረጥና ጫፉ ከንጣፉ ግማሽ ሜትር ላይ ይንጠለጠላል፤ የሚወርደው ውሃ ነጥሮ የግድግዳውን እግር ዓመቱን ሙሉ ያጥባል። መፍትሔው ውድ አይደለም። የድሮው ንጣፍና ሙሌት መጀመሪያ ይነሳ፤ የአዲሱ ንጣፍ ላዩ ከመተንፈሻ ቀዳዳው ቢያንስ 15 ሳንቲ ዝቅ ይበል፤ በንጣፉና በአሮጌው ግድግዳ መካከል ከ20 እስከ 30 ሳንቲ የሚሆን የጠጠር መስመር ይተው፤ የአሸንዳው ቱቦ ንጣፉ ከመግባቱ በፊት ተቀብሮ ወደ ቦዩ ይገናኝ። ንጣፉ ካለቀ በኋላ ቱቦ ለመቅበር ሲባል አዲሱን ሥራ መልሶ መቆፈር ይመጣል፤ ይህንንም በየሰፈሩ አይታችሁታል።

ሦስተኛ፦ ሲሚንቶ በማይገባበት ቦታ ሲሚንቶ

«ፊቱ ይታደስ» የሚለው ትእዛዝ ለሁሉም ግድግዳ አንድ ነው። ግድግዳው ግን አንድ አይደለም። የድሮ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ምድሩ ብዙ ጊዜ በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ውፍረት ያለው ድንጋይ ነው፤ ላዩ ደግሞ ቋሚና ማገር፣ ጭቃና ጭድ። ሁለቱም እርጥበት ይወስዳሉ፣ ሁለቱም ይመልሳሉ። የሲሚንቶ ልስን ሲለብሱ የወሰዱትን መመለሻ ያጣሉ። በጭቃው ግድግዳ ላይ ሽቦ ወንፊት በሚስማር ተመትቶ 3 ሳንቲ የሲሚንቶ ልስን ይለጠፍበታል፤ ጭቃው እንደ እርጥበቱ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፤ ልስኑ ግን እንደ ድንጋይ ደርቆ ቆሟል። በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ውሃ በመስኮቱ ጠርዝ ገብቶ በዚያ ክፍተት ይወርድና ከታች ይጠራቀማል፤ የሚበሰብሰው የቋሚው እግር ነው። አንድ ቀን ልስኑ እንደ ሳንቃ በአንድ ገጽ ይወርዳል፤ ከኋላው ያለው እንጨት ደግሞ የለም።

የጭቃ ግድግዳ በጭቃ ይጠገናል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት እየተረገጠ ይቆያል። የመጀመሪያው ምርጊት ተመርጎ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅና እስኪሰነጠቅ ይጠበቃል፤ መሰንጠቁ ጉድለት አይደለም፣ ቀጣዩ የሚይዝበት ጥርስ ነው። ሁለተኛው ስንጥቁን ይዘጋል። የመጨረሻው በደቃቅ ጭድ የተሠራ ስስ ልስን ነው። ይህ ሥራ በሐምሌና በነሐሴ አይሠራም። በሐምሌ የታዘዘ የጭቃ ቤት እድሳት ወይ በሲሚንቶ ይሠራል ወይ ይበላሻል፤ ትእዛዙን የሚሰጠው ክፍል የቀን መቁጠሪያ ማየት አለበት።

ለድንጋዩ የሚያስፈልገው ኖራ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን እንጨምር፤ ገበያ ላይ «ኖራ» ተብሎ ለአሲዳማ እርሻ መሬት የሚቀርበው ብዙው የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ግንብ አይዝም። ለግንብ የሚሆነው ተቃጥሎ በውሃ የተፈታ፣ ለሳምንታት ከውሃ በታች ተቀምጦ የሰከነው ነው። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ። ግድግዳው ቀድሞ ውሃ ይጠጣል፣ አንዱ ለበስ ከ1 ሳንቲ አይበልጥም፣ ፀሐይ እንዳይመታው እርጥብ ጆንያ ይጋረድለታል። የሚጠነክረው ከአየሩ ጋር ስለሆነ ቀስ ይላል። የፊት ቀለሙ ግራጫ ይሁን ሌላ የእኛ ጉዳይ አይደለም። ፕላስቲክ ቀለም መሆኑ ግን ጉዳያችን ነው፤ በኖራ ግድግዳ ላይ በአንድ ክረምት ይፊኛል፣ ይላጣል። የኖራ ቀለምም እኮ በሚፈለገው ቀለም ይበጠበጣል።

የበረንዳው ምሰሶ ሲበሰብስም የሚበሰብሰው ብዙ ጊዜ የታችኛው 30 ወይም 40 ሳንቲ ብቻ ነው። እሱን ቆርጦ በሰያፍ መጋጠሚያ፣ የመጋጠሚያው ርዝመት የእንጨቱን ወርድ ሦስት እጥፍ አድርጎ በሁለት ቡሎን መቀጠልና ከአፈር ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። አሁን የሚደረገው ግን ምሰሶውን ከነጌጡ አንስቶ በምትኩ ባለ አራት ማዕዘን ብረት መበየድ ነው። ከፊት ሲታይ ንጹሕ ነው፤ የቀረው ቤት ግን የዚያ ቤት አይደለም።

አራተኛ፦ በፌሮ የሚከፈል ማፍረስ

ሕንፃ ለማፍረስ ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ ብዙ ጊዜ ሕንፃው ራሱ ለአፍራሽ ይሸጣል። አፍራሹ የሚያተርፈው ከፌሮው፣ ከበርና መስኮቱ፣ ከቆርቆሮውና ከጣውላው ነው። እንዲህ ሲሆን የሥራው ቅደም ተከተል የሚወሰነው በዋጋ ነው፤ ውድ የሆነው ቀድሞ ይወጣል፣ ውድ የሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕንፃውን አቁሞ የያዘው ነው። ኮለን ተፈልፍሎ ፌሮው በቁሙ ሲወሰድ፣ በላዩ ሶሌታ እያለ ከሥር ልጆች ፌሮውን በብረት መጋዝ ሲቆርጡ ያላየ የለም። በጥቅል ዋጋ የተሰጠ ማፍረስ ሄልሜትም፣ ኢንሹራንስም፣ አቧራ የሚያበርድ ውሃም አይገዛም።

የወጣው ፌሮ ወዴት እንደሚሄድም እንናገር። በመዶሻ ተቃንቶ ይሸጣል። ለአጥር፣ ለሊሾ መያዣ ይሁን፤ የሚያስፈራው ተጣምሞ የተቃና 14 ወይም 16 ሚሊ ፌሮ ለዋና ቢም ሲገባ ነው። በታጠፈበት ቦታ ብረቱ ደክሟል፣ ጥርሱም በኮንክሪት ቅሪት ተደፍኗል፤ ሲሳብ ሳያስጠነቅቅ ሊበጠስ ይችላል። የፌሮ ርክክብ የሚያደርጉ ተቆጣጣሪዎች በስታፋ ቁጥር ሲከራከሩ እናያለን፣ የፌሮውን ምንጭ ሲጠይቁ ግን ጥቂት ነው። በአንዳንድ የቆዩ መጋዘኖችና ጋራዦች ጣሪያ ላይ ያለው የአስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ) ክዳን ደግሞ ለብቻው አይነሳም፤ ተሰባብሮ ከአፈሩ ጋር ይጫናል። እሱ ውሃ እየተረጨበት ሳይሰበር ወርዶ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ለብቻው መሄድ ያለበት ነገር ነው።

አምስተኛ፦ የቀረው ጎረቤትና ቁፋሮው

በፒያሳም በመርካቶም ብዙ ቤቶች ግድግዳ ይጋራሉ። አንዱ ሲፈርስ የሌላው የውስጥ ግድግዳ የውጭ ግድግዳ ይሆናል። ልስን የለውም፣ የአግዳሚ እንጨቶቹ ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው፣ አናቱ ጣሪያ አልለበሰም። በጭቃ የተገነባ ድንጋይ አናቱ ለአንድ ክረምት ክፍት ከሆነ ውሃው በመሃል ገብቶ ጭቃውን ያጥበዋል፤ ሁለቱ ገጾች ይለያያሉ፣ ግድግዳው ሆዱን ይነፋል። መከላከያው ቀዳዳዎቹን በድንጋይና በኖራ መድፈን፣ አናቱን በቆርቆሮ ማልበስ ነው። ለአንድ ግድግዳ የአንድ ግንበኛና የሁለት ረዳት ጥቂት ቀን ሥራ፤ በማንም ዝርዝር ውስጥ ግን የለም፤ አፍራሹ «የእኔ አይደለም» ይላል፣ ባለቤቱ «እኔ አላፈረስኩም» ይላል።

በፈረሰው ቦታ ላይ ቤዝመንት ያለው ሕንፃ ሲጀመር ደግሞ ቁፋሮው 6 ወይም 9 ሜትር ይወርዳል። የጎረቤቱ የድንጋይ መሠረት አንድ ሜትር እንኳን ላይደርስ ይችላል። ቁፋሮው ቀጥ ተደርጎ፣ ሳይደገፍ፣ አፈሩ እዚያው ጠርዝ ላይ ተቆልሎ ለክረምት ሲተው መናዱ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ በተለይ ጥቁር አፈር ባለበት፣ ሲደርቅ በሚሰነጠቀውና ሲርስ በሚያብጠው። የጎረቤት መሠረት ከሥሩ የሚደገፈው ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ስፋት ባለው ክፍል ነው፤ አንዱን ቆፍሮ ሞልቶ ሁለቱን ዘልሎ ሌላውን፤ ጎን ለጎን ያሉት በአንድ ጊዜ አይከፈቱም። ጥልቅ ለሆነው ደግሞ ቁፋሮው ሳይጀመር የሚተከል ፓይል (ወደ አፈር ጠልቆ የሚገባ ምሰሶ) አለ። ስንጥቅ ካለ ጀሶ ተለጥፎበት ቀን ይጻፍበታል፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ እየሄደ ነው፣ ቁፋሮው ይቁም። ይህ ከአንድ ኪሎ ጀሶ በላይ ወጪ የለውም።

ስድስተኛ፦ የፊት ሽፋንና መብራት

ባጭሩ፦ አሉኮቦንድ (ስስ የአሉሚኒየም የፊት ሽፋን ሰሌዳ) ክፍት ሆድ ባለው ብሎኬት ላይ በተራ ቡሎን አይታሰርም፤ ቡሎኑ የሚነክሰው የ3 ሳንቲ ቅርፊት ነው። ማሰሪያው ቢም፣ ኮለንና ሶሌታ ጫፍ ላይ መድረስ አለበት። መሃሉ ፕላስቲክ የሆነው ዓይነት ይቀጣጠላል። ከኋላው በናስትሮ ተጠቅልለው የተቀጣጠሉ የጌጥ መብራት ሽቦዎች ሲያልፉ ነገሩ ይከፋል። ጥር 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል የጣውላ ቤት እንዴት እንደሚያያዝ ከተማው አይቷል፤ እንደዚያ ባሉ ቤቶች በረንዳ ላይ ሽቦ ያለ ቱቦና ያለ መገናኛ ሳጥን ሊዘረጋ አይገባም። ልስን ላይም አንድ ነገር፦ ሰኞ የተለሰነ ግድግዳ ረቡዕ ቀለም ከተቀባ፣ ቢያንስ ሰባት ቀን መጠጣት የነበረበትን ውሃ አልጠጣም፤ ለመድረቅም ሳምንታት ይቀሩታል። ነጭ ጨው አውጥቶ ሲላጥ ተጠያቂው ቀለሙ አይደለም።

ሰባተኛ፦ ቅርስ የተባሉ ቤቶች

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና የሚመለከተው አካል ቀድሞ እንዲፈቅደው ያዛል። እኛ ጋ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ፈቃዱ ሳይሆን ቀነ ገደቡ ነው። ቤቱ ከመነካቱ በፊት ተለክቶ የተሣለ ፕላን አይሰጠንም፤ የበረንዳው የእንጨት ጥልፍ ስንት ዓይነት እንደሆነ፣ የደረጃው መወጣጫ ቁመት ምን ያህል እንደነበር ከእኛ ትዝታ በቀር መዝገብ የለውም። «ተነስቶ በሌላ ቦታ ይተከላል» የሚባል ቤት ካለ ደግሞ ለእሱም ሥርዓት አለው። እያንዳንዱ እንጨትና ጥርብ ድንጋይ በፎቶና በፕላን ላይ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ በማይታየው ገጹ ላይ ይጻፋል፤ አፈታቱ የግንባታው ተገላቢጦሽ ነው፣ በርና መስኮት፣ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ፣ የጣሪያ እንጨት፣ ወለል፣ ከዚያ ድንጋይ። ጣሪያ ባለው ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ፣ በእንጨቶቹ መካከል አየር እንዲያልፍ ይደረደራል። በኤክስካቫተር ባልዲ ተጭኖ የሄደ ቤት መልሶ አይተከልም። የራስ ብሩ ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ የሚጎበኘው ስላልፈረሰ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህንን ነው።

«ማፍረስና ማስወገድ፣ በጥቅል» የሚለው መስመር ይቅር። በምትኩ ድጋፍ በፑንቴሎ ቁጥርና በቀናት፣ መቁረጥ በሜትር፣ የጫፍ ማሰር በቢም ቁጥር፣ የጎረቤት ግድግዳ መጠበቅ በካሬ ሜትር፣ የሚለቀም እንጨትና ድንጋይ በዓይነት ይጻፍ። የዋጋ ማጣቀሻውን ስታዘጋጁ እነዚህን ሥራዎች ከሚሠሩት ጠይቁ።

ከአንድ ፎቅ በላይ የሆነ ማንኛውም ሕንፃ የሚቀረው ክፍል በስትራክቸር መሐንዲስ ተሰልቶ፣ ስሙና ፊርማው ባለበት አንድ ገጽ ሥዕል ካልቀረበ ቆርጣችሁ አስረክቡ አትበሉን። መስመሩ ኮለን ወይም የስፓን መሃል ላይ ካረፈ አንድ ሜትር ወዲያ ወዲህ የሚልበት መንገድ ይኑር፤ ካልተቻለ ሕንፃው እስከሚቀጥለው ኮለን ድረስ ይቆረጥና ካሳው በዚያው ልክ ይታሰብ። እስካሁን የተቆረጡትም ቢሆኑ ተመልሰው ይታዩ፤ ከተንጠለጠሉ ቢሞች ይጀመር፣ እነሱ ከመንገድ ሆነው በዓይን ይታያሉ።

የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ሲረከቡ የውሃ ልክና ሜትር ይያዝ። የመተንፈሻ ቀዳዳ የተደፈነበት ቤት ካለ ዘንድሮ ሳይከርም ይከፈት፤ ንጣፉን በቀዳዳው ፊት ብቻ አንስቶ ጉድጓድና የብረት ወንፊት ማድረግ ይበቃል።

ለጭቃና ለኖራ ቤቶች የተለየ የሥራ ዝርዝርና የተለየ ቀነ ገደብ ይውጣ፤ የሥራው ወቅትም ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይሁን። በሙያ ብቃት ምዘናው የኖራና የጭቃ ሥራ ከብሎኬት እኩል ቦታ ያግኝ፤ የሚችሉት ሽማግሌ ግንበኞች እጃቸው እያለ ረዳት ይመደብላቸው።

ከማንኛውም ማፍረስና ቁፋሮ በፊት የአጎራባች ቤቶች ግድግዳ በፎቶ ተነስቶ በሁለቱም ወገን ይፈረምበት። በፌሮ የሚከፈል ማፍረስ ይከልከል፤ ካልተከለከለም የመፍረሱ ቅደም ተከተል በጽሑፍ ጸድቆ ሳይት ላይ ይለጠፍ።

ስለነዚህ ለመነጋገር አዳራሽና ባነር አያስፈልግም። ሊቆረጥ የተሰመረበት አንድ ሕንፃ ምረጡ፤ ከመሐንዲሶቻችሁ ጋር በዝርዝር ዋጋና በጊዜው እንሥራው፣ ወጪውንና የፈጀውን ቀን ጽፈን እናስረክባችሁ። ከሚመጣው ክረምት በፊት ቢሆን እንመርጣለን።

ከሰላምታ ጋር፣

በአዲስ አበባ በሕንፃ መቁረጥ፣ ማፍረስና እድሳት ሥራ ላይ የተሰማሩ ፎርማኖች፣ ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ ፌራዮዎችና የሳይት መሐንዲሶች

ግልባጭ፦
ለመንገድ ዳር ሕንፃ ባለቤቶችና ተከራዮች
ለአማካሪ መሐንዲሶችና ለሥራ ተቋራጮች